የቆመ ቬስፓ ቤት ውስጥ ማንሳት፦ ፔዳሉን ከመርገጣችሁ በፊት

ለዓመታት የቆመ ቬስፓ፣ ያንን የጣሊያን ስኩተር፣ ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የማስነሻውን ፔዳል ይረግጣል። አልነሳ ሲለው ደግሞ ይደጋግማል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ፦ የሞተሩን ውስጥ ሳታዩ ፔዳሉን አትርገጡ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከካርቡራተሩ የሚመጣውን አየርና ቤንዚን በር የሚከፍትለትና የሚዘጋበት ራሱ ኮሎው ነው፤ ማለትም ፒስቶኑ የሚያሽከረክረው ወፍራም ዘንግ። ኮሎው ከሞተሩ ቤት ግድግዳ ጋር የሚተላለፈው ለጥቂት ነው፤ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ይቀጥናል። እዚያ ቦታ ላይ የዝገት ቅርፊት ወይም አሸዋ ተቀምጦ እናንተ ከላይ በሙሉ ክብደታችሁ ስትረግጡ፣ ግድግዳው ይቧጨራል። አንዴ የተቧጨረ ግድግዳ ደግሞ ትንፋሽ አይዝም። ሃያ ዓመት መቆም ያላጠፋውን ሞተር አንድ ደቂቃ ያጠፋዋል።

የምጽፈው በቬስፓ 150 ሱፐር ላይ ከሠራሁት ተነስቼ ነው። የቬስፓ አምራቹ ፒያጆ ይህን ሞዴል ከ1965 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል። ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስቶኑ ምትም 57 ሚሊ ሜትር፣ አራት ማርሽ፣ ስምንት ኢንች ጎማ። የአጎቴ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ እዚሁ ጅማ፣ አንድ የቡና መጋዘን ጥግ ላይ ጆንያ ተከምሮበት ከረመ። ሌላ ሞዴል ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል፤ ቁጥሮቹን ግን ከራሳችሁ ሞዴል ጋር አመሳክሩ።

ጅማ ላይ ይህን ሥራ መሥራት አንድ ጥቅም አለው። ከተማውን የሞላው ባጃጅ ከቬስፓ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያመርት የነበረው ከፒያጆ በተሰጠው ፈቃድ ቬስፓውንና ባለ ሦስት እግሩን ነበር፤ ውሉ ያበቃው በ1971 ነው። ስለዚህ ባጃጅ የሚፈታ ልጅ ቬስፓ ሲያይ አይደነግጥም፤ ፊሎውም (የፍሬንና የማርሽ መሳቢያ ሽቦው) አምፖሉም ብዙ ጊዜ ከባጃጅ ሱቅ ይገኛል። ሌላው ጥቅም ቋንቋው ነው። ካንዴላ (እሳት የሚረጨው)፣ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው)፣ ማርሚታ (የጭስ መውጫው)፣ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት የኳስ ቀለበት)፣ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃው ላስቲክ) የምንለው ሁሉ ከጣሊያን የወረስነው ነው። የጣሊያንኛ የመለዋወጫ መጽሐፍ ብታገኙ፣ ጣሊያንኛ ሳትማሩ ግማሹን ታነቡታላችሁ።

ወረቀቱና ብረቱ

ሊብሬውን አውጡና የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ ካልገጠመ ሥራ ሳትጀምሩ ያንን ጨርሱ፤ ገንዘብ ከፈሰሰ በኋላ ሲደረስበት ያማል።

ቬስፓ ለብቻው ሻንሲ የለውም፤ ታጥፎ የተበየደው ላሜራ ራሱ ሻንሲው ነው። ስለዚህ የእግር ማስቀመጫው ከበሰበሰ የተጎዳው አጥንቱ ነው። ምንጣፉን አንሱና በካቻቪቴ እጀታ ከፊት እስከ ኋላ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የበሰበሰ ይታፈናል። በተለይ የፍሬኑ ፔዳል ዙሪያንና ከመሃሉ ጉብታ ሥር ያለውን እዩ፤ የጅማ ዝናብ ገብቶ የሚተኛው እዚያ ነው። መበየድ ካስፈለገ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ወጥቶ ከቤት ይራቅ። ቤንዚን የነበረበት ሰልባትዮ ባዶ ቢመስልም ውስጡ ያለው ጋዝ ይፈነዳል፤ እሱን ራሱን ግን በጭራሽ አታስበይዱ።

ቀለም አሁን አይታሰብም። ቀለም ቀብቶ ሞተር ማውረድ የተቀባውን መልሶ መፋቅ ነው።

ጎማ፦ እዚህ ላይ ቀስ በሉ

የቬስፓ ቸርኬ ከሁለት ግማሽ የተገጠመና በዳዶ የታሰረ ነው። አንደኛው ዙር ዳዶ ቸርኬውን ከታምቡሩ ጋር ያስራል፤ ሌላኛው ዙር ሁለቱን ግማሾች እርስ በርስ ያስራል። ጎማው አየር እያለው ሁለተኛውን ዙር የፈታ ሰው፣ ግማሹ ቸርኬ ፊቱ ላይ ተወርውሮ ይመጣል። ይህን ማስፈራሪያ አታድርጉት፤ ጎማው የተነፈሰ ቢመስላችሁም የቫልቩን ልብ ነቅላችሁ አውጡ፣ ጎማውን በጉልበታችሁ ተጭናችሁ ትንፋሹ እንዳለቀ አረጋግጡ፣ ከዚያ ቁልፍ አንሱ።

መጠኑ 3.50-8 ነው። የባጃጁ 4.00-8 ስለሆነ ቸርኬው ላይ ይገባል የሚል ሰው አይጠፋም። ወፍራም ነው፤ የራሱን መጠን ፈልጉ። ጎን ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ለጌጥ እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

የፍሬኑን ታምቡር ስትከፍቱ አቧራውን በአፋችሁም በኮምፕረሰርም አትንፉት። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉና ጨርቁን በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉ።

ፒስቶኑን ማላቀቅ

የካንዴላውን ዙሪያ በብሩሽ አጽዱ፤ አለበለዚያ ስትፈቱት ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይወርዳል። ካንዴላውን ካወጣችሁ በኋላ ናፍታና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ ሁለት ሦስት ማንኪያ በቀዳዳው አፍስሱና ተዉት። ማግስቱን ጨምሩበት።

የኔው ደርቆ ነበር። ለሦስት ቀን ምንም አልነቃነቅ አለኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የቮላኖውን፣ ማለትም በኮሎው ጫፍ ላይ ያለውን ባለ ክንፍ ከባድ መሽከርከሪያ፣ ሽፋን ፈትቼ ክንፎቹን በሁለት እጄ ያዝኩና ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደ ሕፃን አልጋ ወዘወዝኩት። የጥፍር ያህል ሄደ። ቆምኩ፤ ዘይት ጨመርኩ፤ ምሳ በላሁ። ከሰዓት የጣት ያህል ሄደ። ማታ ላይ ሙሉ ዙር ዞረ፤ በካንዴላው ቀዳዳ ቡና አተላ የመሰለ ቡናማ ፈሳሽ ተፋ። ሥራው ይኸው ነው፦ በእጅ ብቻ፣ ወዲህ ወዲያ፣ ሳይገፉ። መዶሻም፣ በረጅም ብረት መጠምዘዝም፣ ሰው አስገፍቶ ማርሽ ማስገባትም የለም። ሳምንት ከፈጀ ይፍጅ።

በሳምንቱ ያልተላቀቀ ከሆነ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ፈትታችሁ ሲሊንደሩን አውጡ። ከተላቀቀም ቢሆን ቴስታታውን አንስታችሁ የሲሊንደሩን ግድግዳ እንድታዩ እመክራለሁ፤ አራት ዳዶ ብቻ ነው። በጥፍራችሁ ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ሲሊንደሩ በማሽን ተቦርቡሮ መስፋት፣ ፒስቶኑና ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ከአዲሱ ልክ ጋር መቀየር አለበት። ቀላል ዝገት ብቻ ከሆነ ዘይት በነካ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ ብናኙን ግን ወደ ሞተሩ እንዳታወርዱት።

ሰልባትዮው

ቡላውን (የቤንዚን መክፈቻና መዝጊያውን) ፈትታችሁ አውጡ። ቡላው ላይ ያሉት ሦስቱ ምልክቶች የጣሊያንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው፤ አፔርቶ ክፍት፣ ኪዩዞ ዝግ፣ ሪዜርቫ መጠባበቂያ። ለዝገቱ ከአቸቶ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ሰልባትዮውን በነጭ አቸቶ ሙሉትና አንድ እፍኝ ትናንሽ ዳዶ ጨምራችሁ በየጥቂት ሰዓቱ ነቅንቁት። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይበቃል። ደፍታችሁ ዳዶዎቹን ቁጠሩ፤ ያስገባችሁት ሁሉ መውጣት አለበት። ከዚያ ውሃ ውስጥ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፤ የአሲዱን ርዝራዥ ይገድለዋል። በንጹህ ውሃ አለቅልቁና ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቁት። ጅማ ውስጥ እርጥብ ብረት ለአንድ ሌሊት ብታሳድሩ ጠዋት ቀይ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ። እንደደረቀ ጥቂት የሁለት ምት ዘይት አስገብታችሁ ግድግዳውን ሁሉ አስነኩት።

ካርቡራተሩ

የዴሎርቶ ካርቡራተር ነው፤ የአየር ፊልትሮው ሲነሳ በሁለት ረጃጅም ቡሎን የታሰረ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ፍቱት፤ እያንዳንዱን ጂግለር (ቤንዚን በልክ የምታሳልፍ ባለ ቀዳዳ ትንሽ ቡሎን) የወጣበትን ፎቶ አንሱ። አሮጌ ቤንዚን ሲደርቅ እንደ ማር ይሆንና ቀዳዳውን ይዘጋል። ጂግለሩን ወደ መስኮት አቅንታችሁ በአንድ ዓይን እዩበት፤ ክብ ብርሃን መታየት አለበት። ጨረቃ የመሰለ ጎደሎ ብርሃን ካያችሁ አልጸዳም። በካርቡራተር ማጽጃ ዘፍዝፋችሁ በአየር ንፉት። መርፌ ወይም የብረት ሽቦ አታስገቡበት፤ ጂግለሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚናገር ነው፣ 100 ማለት 1 ሚሊ ሜትር፤ ሽቦ ያንን ልክ ያበላሻል። የመጥረጊያ ስንጥር ይበቃል።

ስትመልሱት ጓርኒሲዮኑን (በመሃል የሚገባውን ማሸጊያ) አዲስ አድርጉ፤ ሁለቱን ቡሎኖች ግን በኃይል አታጥብቁ። የካርቡራተሩ ሥር ከተጣመመ አየር ይስባል፤ ያም በኋላ ብዙ ያስለቅሳችኋል።

እሳት

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ ሽማግሌ አሉ። «ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ሞተር የሚጠይቅህ ሦስት ነገር ነው፤ እሳት፣ ምግብና ትንፋሽ። ሁለቱን ካየህ ሦስተኛውን ፈልግ» አሉኝ። ትንፋሹንና ምግቡን አይተናል፤ የቀረው እሳት ነው። በእነዚህ ቬስፓዎች ብዙ ቀን የሚበላውም እሱ ነው።

እሳቱ ከባትሪ አይመጣም፤ ቮላኖው ውስጥ ያሉት ማግኔቶች ከሥር ባለው ሳህን ላይ ያሉትን ቦቢናዎች (የሽቦ ጥቅሎች) ሲዞሩ የሚፈጥሩት ነው። ያንን ሳህን ለማየት ቮላኖው መውጣት አለበት፤ ለማውጣት ደግሞ ጥርሱ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ የራሱ መንቀያ አለው። ይህን መንቀያ ሳትይዙ አትጀምሩ። እኔ መንቀያው የለኝምና ብዬ ሞተሩን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩ። በሁለት በኩል ጠፍጣፋ ብረት አስገብተው በመዶሻ ነቀሉት፤ ሁለት የቮላኖ ክንፍ ተሰብሮ መለሱልኝ። ክንፍ የጎደለው ቮላኖ ሚዛኑ ይዛነፋል፤ ሲሊንደሩን የሚያቀዘቅዘውም አየር ይቀንሳል። ምትኩን ያገኘሁት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ፣ የመንቀያውን ብዙ እጥፍ ከፍዬ።

ቮላኖው ከወጣ በኋላ ሳህኑን ከመፍታታችሁ በፊት ሳህኑና የሞተሩ ቤት የሚገናኙበት ላይ በሹል ነገር አንድ መስመር ጫሩ። የእሳቱ ሰዓት ያለው እዚያ ነው፤ ስትመልሱ መስመሩ ከመስመር ይገጥማል።

አሁን ገመዶቹን እዩ። የኔዎቹ ሲታዩ ደህና ነበሩ። አንዱን በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ አድርጌ ሳጥፈው ላስቲኩ እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ሆኖ መዳፌ ላይ ረገፈ፤ ከሥሩ አረንጓዴ የሆነ መዳብ ብቻ ቀረ። የዚያ ዘመን ቬስፓ ዋና ሕመሙ ይህ ነው። የማጥፊያ ቁልፉ የሚሠራው እሳቱን ከሞተሩ አካል ጋር በማገናኘት ነው፤ እናም የተላጠ ገመድ የሞተሩን ቤት ከነካ፣ ማጥፊያውን ሁልጊዜ ተጭኖ የያዘ ሰው እንዳለ ማለት ነው። ምንም ብትረግጡ አይነሳም። ጠጋግኖ ማለፍ አይሆንም። ሁሉንም ገመድ ሙቀትና ዘይት በሚችል፣ ባለ ብዙ ቀጭን ሽቦ ገመድ ቀይሩና በስታኞ አያይዙ። የድሮውን ቀለም ጠብቁ፤ ካላገኛችሁ የየትኛው ምትክ የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ፑንቲናውን (እየተከፈተ እየተዘጋ እሳቱን በሰዓቱ የሚለቀውን መገናኛ) በደቃቅ ሞረድ ካስተካከላችሁ በኋላ አልኮል የነካ ነጭ ወረቀት በመሃሉ እየሳባችሁ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አጽዱት። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ከፑንቲናው ጋር አብሮ የሚሠራውን ኮንደንሰር ሳትፈትሹ ቀይሩት። ቮላኖውን ስትመልሱ ኮሎው ላይ ያለችው ትንሽ ግማሽ ጨረቃ ብረት ቦታዋ ላይ መቀመጧን አረጋግጡና ዳዶውን በደንብ አጥብቁ፤ ዳዶው ከላላ ያቺ ብረት ትቆረጣለች፣ እሳቱም ያለ ሰዓቱ ይመጣል።

ካንዴላው አጭር ጥርስ ያለው፣ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ኤንጂኬ ቢ7ኤችኤስ ወይም አቻው ይሁን፤ ክፍተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር። ከሌላ ሞተር የወጣ ረጅም ካንዴላ ቢገባላችሁ እንኳ አትጠቀሙበት፤ ጫፉ ፒስቶኑን ይመታል። ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አገናኝታችሁ ቴስታታው ላይ አስደግፉት፣ መብራት አጥፉና አሁን ፔዳሉን በእጃችሁ ግፉት። ሰማያዊ ነጭ ብልጭታ ከሆነ ተሳክቶላችኋል። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወደ ፑንቲናውና ወደ ኮንደንሰሩ ተመለሱ።

ዘይት

የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አሮጌ ዘይት ከሥር ባለው ቡሎን አፍስሱ፤ ኤስ.ኤ.ኢ. 30 ዘይት 250 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። የጎኑ መለኪያ ቡሎን ተፈትቶ ዘይቱ መንጠባጠብ ሲጀምር ሞልቷል። የሚቀላቀለው ዘይት ለ150 ሱፐር 2 በመቶ ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር። የመኪና ሞተር ዘይት አትቀላቅሉ። ለእንጨት መሰንጠቂያ ሞተር የሚሸጠው የሁለት ምት ዘይት ይሆናል። በግምት አትጨምሩ፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ለዚሁ ብቻ አስቀምጡት።

ማስነሳት

ከማስነሳታችሁ በፊት ማርሚታውን አውጥታችሁ ውስጡን በባትሪ መብራት እዩ። ከኔው ውስጥ አይጥ ያከማቸችው የቡና ገለባ አንድ ጣሳ ወጣ። ፍሪሲዮኑንም ፈትሹ፤ ለዓመታት የተኛ ፍሪሲዮን ሸራዎቹ ይጣበቃሉ። ሞተሩ ሳይነሳ አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ እጀታውን ሳቡና ወደፊትና ወደኋላ ግፉት፤ ይለቃል። አዲስ ፊሎ ስታስገቡ የድሮውን ከመሳባችሁ በፊት ጫፉን ከአዲሱ ጋር እሰሩት፤ የወጣው የሚገባውን ይዞለት ይሄዳል።

ከዚያ ቡላውን ክፈቱ፣ የአየር መዝጊያውን ሳቡና እርገጡ። ደጅ ላይ ይሁን፤ መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ ሰፈር ያስቆጣል። ያ የተረፈው ዘይት ነው፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መቅለል አለበት።

ካልቀለለና ጭሱ ነጭ፣ ወፍራም፣ የካምቢዮ ዘይት የሚሸት ከሆነ በፍሪሲዮን በኩል ያለው ፓራኦሊዮ ደርቆ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ነው። ይህ ሞተር መክፈት ይጠይቃል፤ ከተከፈተ ደግሞ ፓራኦሊዮዎቹን ሁሉ፣ ኩሽኔታዎቹንም አብራችሁ ቀይሩ።

ጋዝ ለቃችሁ ሞተሩ ካልወረደና እየጮኸ ከሄደ በቮላኖ በኩል ያለው ፓራኦሊዮ ወይም የካርቡራተሩ ሥር አየር እየሳበ ነው። ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። አየር የበዛበት ሞተር ይግላል፣ ፒስቶኑም ይነክሳል (ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል)። ማጥፊያው እምቢ ካለ ፍሬን ይዛችሁ አራተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ልቀቁ፤ ይታነቃል። ቀዳዳውን ሳታገኙ እንደገና አታስነሱት።

ሲግል የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈቱ፤ መተንፈሻዋ ተዘግታ ቤንዚን መውረድ አቅቶት ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ኮንደንሰሩ ወይም ቦቢናው ነው። ዳገት ላይ ማርሽ የሚተፋ ከሆነ መጀመሪያ የማርሽ ፊሎዎቹን አስተካክሉ፤ ካልተሻለው ካምቢዮው ውስጥ ያለችው መስቀል ቅርጽ ብረት ተበልታለች።

መንገድ ላይ

ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተለካ ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ከፈረንጅ አራዳ ተነስታችሁ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ውጡ። ግማሹ ላይ በሙሉ ጋዝ እያለ ሞተሩን አጥፉ፣ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ዳር አቁሙና ካንዴላውን ፍቱ፤ ይፋጃል፣ ጨርቅ ያዙ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዋናውን ጂግለር ሁለት ቁጥር ቀንሱና ድገሙት። የተቆላ ቡና ቀለም ከሆነ ተዉት። ነጭ ከሆነ ግን እዚያው ቁሙ፤ ጂግለሩን ከፍ ሳታደርጉ አትቀጥሉ።

የመጀመሪያዎቹን 100 ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ንዱት። ከዚያ የቴስታታውን፣ የማርሚታውንና የቸርኬውን ዳዶዎች እንደገና አጥብቁ፣ የካምቢዮውን ዘይት ድፉና አዲስ ሙሉ። የወጣውን ዘይት ነጭ ሳህን ላይ አፍስሳችሁ እዩት፤ ደቃቅ ብልጭልጭ ቢኖር ያለ ነው፣ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ግን ሞተሩን ክፈቱት። ቀለም ቀቢውን የምትጠሩት ከዚህ በኋላ ነው።